በ70 ፊደል ያደግን

እህቴ ያን ቴክስት የላከችልኝ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ሜሪላንድ። ስማርት ስልክ ገና በየቤቱ ያልገባበት ጊዜ ነበር። ልጇ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት፣ እግር አውጥቶ እዚያም እዚህም የሚልበት ወቅት ነው። መልእክቱ አማርኛ ነው። የተጻፈው ግን በላቲን ፊደል ነው። እንዲህ ብዬ አነበብኩት፦ «ልጁ ጠፋ ምን ላድርግ»።

ጉልበቴ ከዳኝ። ያኔ ፋርማሲ ውስጥ ነበር የምሠራው። የያዝኩትን የመድኃኒት ካርቶን መሬት አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ደወልኩ፣ አልገባም። ደገምኩ፣ አልገባም። ለእናቴ ደወልኩ፣ መስመሩ ተይዟል። ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሰፈራችን ነው፤ አስፋልቱ፣ ሚኒባሶቹ፣ ክዳን የሌለው ቱቦ። ከስንት ሙከራ በኋላ እህቴ አነሳች።

«አገኛችሁት?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ልጁን!»

ትንሽ ዝም አለች። «አንተ፣ ሽሮፑን ተፋው እኮ ነው ያልኩህ። ልድገምለት ወይስ ልተወው ብዬ ነው የጠየቅኩህ።»

ተ እና ጠ በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንድ ናቸው። ስለዚህ ተፋ እና ጠፋ አይለዩም። መታ እና መጣም እንደዚያው። የእኛ ሰው ይህን ስለለመደው ከዐውዱ ይገምታል። ዘጠኙን ጊዜ ግምቱ ይሰምራል። በአሥረኛው ግን አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ልቡ ልትወጣ ትደርሳለች።

ያን ቀን ማታ እህቴን «ለምን በአማርኛ አትጽፊም?» አልኳት። የዚያን ጊዜ ስልኳ የአማርኛ ኪቦርድ አልነበረውም። የእናቴ ስልክ ደግሞ የአማርኛ መልእክት ቢላክለት የሚያሳየው ባዶ ሳጥኖችን ነበር፤ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ከዚያ ነጥብ። ኪቦርዱ ከመጣ በኋላም ግን እህቴ ወደ ላቲኑ ትመለስ ነበር። «በአማርኛ ስጽፍ ቶሎ ይሞላል፣ ሂሳቡም የሁለትና የሦስት መልእክት ይሆናል» አለችኝ። መጀመሪያ አላመንኳትም። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ልክ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኤስኤምኤስ፣ ማለትም ተራው የስልክ ቴክስት፣ የሚይዘው 140 ባይት ነው። ቢት የኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ ቅንጣት ናት፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በቢት ሲመነዘር 1,120 ይሆናል። ለላቲን ፊደል አንዱን ለመጻፍ 7 ቢት ይበቃል። 1,120 ለ7 ሲካፈል 160 ይመጣል። ሁላችን የምናውቀው የ160 ልክ ከዚህ የመጣ ነው። የእኛ ፊደል ግን በዚያ ባለ7 ቢት ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ስልኩ ወደ ሌላ አጻጻፍ ይዞራል፤ ለአንድ ፊደል 16 ቢት። 1,120 ለ16 ሲካፈል 70 ነው። መልእክቱ ከ70 ካለፈና በሁለት ከተከፈለ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚቀረው 67 ብቻ ነው፤ ቀሪው ቦታ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል ለመናገር ይውላል። በላቲን በተጻፈ ረጅም መልእክት መሃል አንዲት የግዕዝ ፊደል ብትገባ እንኳ ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል።

አንድ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም አብሮ ስለሚይዝ አማርኛ በቁጥር ያጥራል፤ ያ ትንሽ ይክሳል። ግን አይበቃም። «እንደምን አደርሽ» የሚለው ክፍተቱን ጨምሮ 10 ነው፤ በ16 ሲባዛ 160 ቢት ይፈጃል። በላቲን ስጽፈው 14 ይሆንና በ7 ሲባዛ 98 ቢት ብቻ ይወስዳል። እናትን ደህና አደርሽ ለማለት በራስ ፊደል ሲሆን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን የሚጽፈው ስለሰለጠነ ወይም ፊደሉን ስለናቀ ይመስለው የነበረ ታላቅ ወንድም አለኝ። ይህን ስሌት በወረቀት ጽፌ ካሳየሁት በኋላ ዝም ብሎ ወረቀቱን ሲያየው ቆየ።

የ160ው ነገር ታሪክ አለው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1985 ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባለ ጀርመናዊ የቴሌኮም ባለሙያ ቦን ከተማ ቤቱ ውስጥ ታይፕራይተሩ ፊት ተቀመጠ። የመጣለትን ዓረፍተ ነገርና ጥያቄ እየጻፈ ፊደሉን ይቆጥር ጀመር። አብዛኛው ከ160 አያልፍም። ፖስትካርድ ላይ ሰዎች የሚጽፉትንም አየ፣ የቴሌክስ መልእክትንም አየ። 160 ይበቃል አለ። መልእክቱ የሚጓዘው ስልኩና ኔትወርኩ «አለሁ፣ አለህ» እየተባባሉ በሚነጋገሩባት ቀጭን መስመር ላይ ስለሆነ ቦታው ጠባብ ነበር። ከዚያ በ1992 ዲሴምበር 3 እንግሊዝ ውስጥ ኒል ፓፕዎርዝ የሚባል የ22 ዓመት መሐንዲስ ከኮምፒውተሩ ላይ «መልካም ገና» ብሎ የመጀመሪያውን ቴክስት ላከ። ተቀባዩ የቴሌኮም ኩባንያው የቮዳፎን ሰው ሪቻርድ ጃርቪስ ነበር። ስልኩ መልስ መላክ አይችልም ነበር፤ መቀበል ብቻ።

ሂለብራንድ የቆጠራቸው ፊደላት የላቲን ነበሩ። በክፋት አይደለም። በዚያ ታይፕራይተር ላይ ሀሁ አልነበረም፣ በቃ። ፊደላችን የዓለም ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። እስከዚያ የመልእክቱ ልክ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ዓለም ለብሶት ነበር። እኛ ዘግይተን ደርሰን ባልተለካልን ልብስ ውስጥ ገባን።

ጠበበንም አልጠበበንም ግን ኤስኤምኤስ ትልቅ ነገር ነበር። ይህን የምለው ከእጃችን ሲወጣ ስላየሁት ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት በኢትዮጵያ የቴክስት አገልግሎት ተዘጋ። ተማሪ ነበርኩ። ስልክ ያላቸው ጓደኞቼ ጥቂት ናቸው፤ እነሱም መደወል እንጂ መጻፍ አይችሉም። አገልግሎቱ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ አገሩ ሚሊኒየሙን በሚያከብርበት በ2000 ዓ.ም. መስከረም። የአዲስ ዓመት መልካም ምኞት እንደ አበባየሆሽ ልጆች ከየስልኩ ወጣ። እንቁጣጣሽ በስልክ ጽሑፍ ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። በላቲን ፊደል ነበር፣ ግን ማን ልብ አለው።

ከዚያ አፖቹ መጡ። ዋትስአፕ በ2009፣ ቫይበር በ2010፣ ቴሌግራም በ2013። እውነቱን ለመናገር ለአማርኛ ነፃነት የሰጡት እነሱ ናቸው። በኢንተርኔት ሲላክ አንድ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል፤ አንድ ፎቶ ከሚፈጀው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ማንም አይቆጥርም። እህቴ አንድ ገጽ ሙሉ በአማርኛ መጻፍ ጀመረች፤ ተ ተ ሆነ፣ ጠ ጠ ሆነ። ማንበብና መጻፍ የማትችለው አክስቴ ደግሞ ድምፅ መላክ ቻለች። እሷ በ160 ዘመን ከመልእክት ዓለም ውጭ ነበረች። አሁን ማለዳ ተነስታ ቡና እየቆላች የምትልክልኝ ድምፅ አለ፤ ከጀርባዋ የምጣዱ ኳኳታ ይሰማል። ይህን ማንም ቀላል ነገር ነው ቢለኝ አልሰማውም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አፕ አጥር አለው። ቴክስት ለመላክ የሚያስፈልገው የሰውየው ቁጥር ብቻ ነው፤ ምን ዓይነት ስልክ እንደያዘ፣ ምን እንደጫነ፣ ከማን ጋር እንደተስማማ አይጠየቅም። አፕ ግን በመጀመሪያ «አባል ነህ ወይ?» ይላል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት በዕድራችን ነው። እዚህ የምንኖርበት አካባቢ ዕድር አለን። ሁላችን እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት አሉ። ለቅሶ ቤት ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ንፍሮውን በትልቅ ድስት ቀቅለው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ መኪና ስለማይነዱ አንዱን ለምነው ይመጣሉ። መርዶ ሲሆን ደግሞ ያለ እሳቸው አይሆንም። ሰው አገር ቤት ሞቶበት የሚነገረው ሰው ቤት በጠዋት የምንሄደው በርከት ብለን ነው። ማን ፊት ይገባል፣ ማን ይናገራል የሚለውን የሚያደላድሉት እሳቸው ነበሩ።

ድሮ ዕድሩ የሚጠራራው በቴክስት ነበር። ግሩፑ ግን እያስቸገረ መጣ። ፎቶ ሲላክ ደብዝዞ ይመጣል። አንዱ መልእክት ላይ የልብ ምልክት ሲያደርግ ለሌላው ልቡ ሳይሆን «ወደደው» የሚል አዲስ ጽሑፍ ሆኖ ይደርሳል፣ ከነሙሉ መልእክቱ እየተደገመ። 20 ሰው ሲሆን ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። ስለዚህ ወጣቶቹ አንድ አፕ ላይ አዲስ ግሩፕ ከፈቱ። እኔም ገባሁ። እትዬ አፑ የላቸውም። «አንድ ቀን እንጭንላቸዋለን» ተባለ። ሁላችን እንዲህ አልን፤ ማናችንም አልጫንንላቸውም።

ከወራት በኋላ የአንዱ አባላችን አባት አገር ቤት አረፉ። መርዶው የተነገረው ቅዳሜ በጠዋት ነው። ቀጠሮው ሁሉ በአዲሱ ግሩፕ ተደረገ። እትዬ የሰሙት በማግስቱ ቤተክርስቲያን ነው፣ ከሌላ ሰው አፍ። ማታ ንፍሯቸውን ይዘው መጡ። ቤቱ ሙሉ ነው፣ ሰው ሁሉ ተነሳላቸው። አልቅሰው ጨርሰው አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው ያልጠራችሁኝ?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ምን ያጠፋሉ! ስልኩ ነው...» አልኩና መጨረስ አቃተኝ። ስልኩ አልነበረም። እኛ ነበርን። ድስቱን የጠቀለሉበት ነጭ ፎጣ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ጠርዙን በጣታቸው እያጠፉ እየዘረጉ ነበር የሚያዳምጡኝ። ያ ፎጣ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ነው አርሲኤስ የሚባለውን ነገር በደንብ ማንበብ የጀመርኩት። አዲስ አፕ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ደንብ ነው። ኤስኤምኤስ የማንም ኩባንያ ንብረት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይሄም የቴሌኮሞች ማኅበር የሆነው ጂኤስኤምኤ የሚያወጣው የጋራ መመዘኛ ነው። ሰውን የሚያገኘው በቁጥሩ ነው። ስልኩ ላይ አብሮ በመጣው የመልእክት ቦታ ይሠራል። ሰውየው እየጻፈ ሲሆን ይታያል፣ መድረሱ መነበቡ ይታያል፣ እስከ 100 ሜጋባይት የሚደርስ ፋይል ይሄዳል። ፊደል ቆጠራም የለም። ተቀባዩ ጋ አርሲኤስ ከሌለ መልእክቱ በተራው ኤስኤምኤስ ሆኖ ሊሄድ ይችላል። እኔን የማረከኝ ይሄኛው ነው። በሩን አይዘጋም።

ታሪኩ ግን ያናድዳል። ሐሳቡ የተጀመረው በ2007 ነው። ቴሌኮሞቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ሲሠሩት የአንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም ነበር። ሁሉም የሚስማማበት አንድ ወጥ ደንብ የወጣው በ2016 ነው። ያን ያህል ሲዘገዩ ሰው ሁሉ አፖቹ ውስጥ ገብቶ ጎጆ ቀልሶ ነበር። ጉግል በ2015 ጂብ የሚባለውን የአርሲኤስ ኩባንያ ገዝቶ፣ በ2019 ቴሌኮሞቹን መጠበቅ ትቶ በእንግሊዝና በፈረንሳይ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ራሱ ዘረጋው። የአፕል ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በ2022 መስከረም አንድ ሰው የዚያን ጊዜውን የአፕል አለቃ ቲም ኩክን በአደባባይ ጠየቀው፤ ለእናቴ የምልክላትን ቪዲዮ በደንብ ማየት አልቻለችም አለው። ኩክ የመለሰለት «ለእናትህ አይፎን ግዛላት» ብሎ ነው። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ያን ሳነብ የመጣብኝ የእትዬ ፎጣ ነው። በ2023 ኅዳር አፕል ሐሳቡን ቀየረና አርሲኤስን እንደሚቀበል አስታወቀ። በ2024 መስከረም አይኦኤስ 18 ከሚባለው የአይፎን ሶፍትዌር ጋር መጣ።

እኛም ዕድሩን መለስነው። ሁሉም አልተስማማም፤ «ተራ ቴክስት ውስጥ ተመልሰን ልንገባ?» ያለ አለ። ስልኮቹን አንድ በአንድ እያየን ማስተካከያው ውስጥ ገብተን ከፈትንላቸው። የሁለት ሰዎች ስልክ አሮጌ ሆኖ እምቢ አለ፤ እነሱም ግን በተራው ቴክስት ቢሆን ጥሪ አይቀርባቸውም። እትዬ ጋ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ስልካቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝ፤ የመስታወቱ ጥግ ተሰንጥቋል፣ ጀርባው ላይ የማርያም ምስል ለጥፈዋል። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀየርኩላቸው። እንደ መጀመሪያ መልእክት የራሴን «ሰላም እትዬ» ላክሁ። አንገታቸውን ደፍተው፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ ጻፉ። የእኔ ስልክ ላይ ሦስቱ ነጠብጣቦች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ሦስተኛው ስኒ ደርሶ ነበር መልሱ ሲመጣ። ለቡናው ስለመጣሁ አመስግነው፣ ለልጆቼ በየስማቸው ጸልየው፣ ያለፈው ነገር ከሆዳቸው እንደወጣ ጽፈውልኛል። አጠገባቸው ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። በቃል ሊሉት ያልፈለጉትን በጽሑፍ አሉኝ። በ70 ፊደል አይሆንም ነበር።

የሚያሳስበኝ ነገር የለም ማለት አይደለም። አንደኛው ምስጢር ነው። ተራ ቴክስት በመንገደኛ እጅ እንደተላከ ያልታሸገ ደብዳቤ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለ ሊያነበው ይችላል። በ2024 ዲሴምበር የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት ባለሥልጣናት፣ ሰርጎ ገቦች ቴሌኮሞቹ ውስጥ ገብተው ስለተገኙ፣ ሰው የተመሰጠረ መልእክት እንዲጠቀም መክረዋል። አርሲኤስ በራሱ መጀመሪያ ላይ ይህ ማሸጊያ አልነበረውም። ጉግል በራሱ የመልእክት አፕ ውስጥ በ2021 ለሁለት ሰዎች ንግግር አስገባ። ከአንድ ዓይነት ስልክ ወደ ሌላው ሲሄድም የሚታሸግበት የጋራ ደንብ የታተመው በ2025 መጋቢት ነው፤ አፕልም ያኔውኑ አስገባዋለሁ ብሏል። የእኔ ምክር አጭር ነው። ንግግሩ ላይ የቁልፍ ምልክት ካላያችሁ የባንክ ነገር አትጻፉ።

ሁለተኛው የሚከነክነኝ የጋራ ነው የተባለው ነገር በአብዛኛው በአንድ ኩባንያ ሰርቨሮች ላይ መዋሉ ነው። የአሜሪካ ትልልቅ ቴሌኮሞች አንድ በአንድ ወደ ጉግሉ ጂብ ገብተዋል። ደንቡ የሁሉ ነው፣ ቤቱ ግን የአንድ ሰው። ይህን ስጋቴን ለዕድር አባላት ስናገር ማንም አልተጨነቀም። እኔ ግን መልእክት በአንድ እጅ ሲሆን እንዴት እንደሚዘጋ አይቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አገር ቤት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥም አፖቹ ሁሉ ጸጥ ብለው ነበር። በኢንተርኔት የሚሄድ ሁሉ ከኢንተርኔት ጋር ይወድቃል፤ አርሲኤስም ያው ነው። ስለዚህ ያቺ ቀጭን አሮጌ መስመር ከበስተኋላ እንድትቆይ እፈልጋለሁ። ማንም «ጊዜዋ አልፏል» ብሎ እንዳይነቅላት።

የምትጠቅመው ለእናቴ ነው። እናቴ ባለቁልፍ ስልክ ነው የያዘችው። አሁን ያለው አማርኛ ያነባል፤ ሳጥኖቹ ቀርተዋል። ስማርት ስልክ ገዝተንላት ነበር፣ ለልጅ ልጇ ሰጠችው። ባትሪው ሳምንት የሚቆየውን፣ ቢወድቅ የማይሰበረውን ትመርጣለች። ከባንክ የሚመጣላትን መልእክት መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ ታነበዋለች። ከእኔ የሚመጣውንም እንደዚያው። ድምፄን ብትሰማም ጽሑፉን ትፈልጋለች፤ አታጠፋውም። ባለፈው ስሄድ ከሦስት ዓመት በፊት የላክሁላትን አውጥታ አሳየችኝ።

ስለዚህ እሑድ ጠዋት ለእሷ ስጽፍ እቆጥራለሁ። ለሁሉም ሰው መቁጠር አቁሜያለሁ፣ ለእሷ ግን መልእክቱ ተቆርጦ በሁለት እንዲመጣባት አልፈልግም። ዛሬ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «እማዬ እንደምን አደርሽ። ብሩን ልኬያለሁ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ማታ እደውላለሁ።» ቆጠርኩት፣ 50። 20 ተርፎኛል። «ጉልበትሽን ስሜያለሁ።» ብዬ ጨመርኩበት። 64 ሆነ። ላክሁት።